የጭነቱ ባለቤት

አንድ ሰው መጽሐፍ አሳትሞ ጋዜጠኛ ፊት ሲቀርብ የማይቀርለት ጥያቄ አለ፤ «የማን ተጽዕኖ አለብህ?» የሚለው። መልሱም ከጥያቄው ባልተናነሰ የታወቀ ነው። መጀመሪያ ሐዲስ ዓለማየሁ ይጠራሉ። በዓሉ ግርማ ይከተላል። ስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ይታከላል። ሰውየው ደፈር ካለም ዶስቶየቭስኪን ጨምሮ ይዘጋዋል። ጋዜጠኝነት በዲፕሎማ ስማር ይህን ጥያቄ መጠየቅ ተምሬአለሁ፤ ከዚያም ወዲህ በነጻ ጸሐፊነት ከጋዜጣ ጋዜጣ፣ ከመጽሔት መጽሔት ስንከራተት ስንቱን ደራሲ ጠይቄበታለሁ። መልሱ ሐሰት ነው አልልም። አንድ የጎደለ ነገር እንዳለበት ግን ሁልጊዜ ይሰማኛል።

እስቲ ቃሉን ራሱን እንየው። «ተጽዕኖ» የመጣው ከግዕዙ «ጸዐነ» ነው፤ በአማርኛችን «ጫነ» ማለት ነው። እንግዲህ ተጽዕኖ አለብኝ የሚል ደራሲ፣ ዐወቀውም አላወቀው፣ ጭነት አለብኝ ማለቱ ነው። ጭነት ደግሞ ጫኝ አለው፤ ነጂ አለው፤ ባለቤት አለው፤ የሚራገፍበትም ቦታ አለው። ከጅቡቲ ወደ ሞጆ ደረቅ ወደብ የሚወጣውን ከባድ መኪና ሁሉ ደጃችን ላይ ስናይ የኖርን የናዝሬት ሰዎች (አዳማ ማለቱን የሚመርጥም ይበል፤ ከተማዋ ሁለቱንም ስሞች ትሰማለች) ይህን ለመረዳት ሊቅ መሆን አይጠበቅብንም። ታዲያ የደራሲው ጭነት ባለቤት ማን ነው? ለማንስ ነው የሚረከበው? በልጅነቴ ከመጽሐፍ ለተቀበልሁት ነገር ሁሉ ዕዳ አለብኝ ካልሁ፣ ዕዳውን የምከፍለው ለማን ነው? ለሞቱት እንዳልል አይቀበሉኝም። እያመሰገንሁ ስማቸውን ብጠራስ? እሱ ምንም ወጪ የለውም፤ ምንም የማያስወጣ ክፍያ ደግሞ ክፍያ አይባልም።

ሩቅ ሳልሄድ ከዚሁ ከከተማዬ ልጀምር። በ2016 ዓ.ም. ያረፈው ገጣሚና ተርጓሚ ነቢይ መኮንን የናዝሬት ልጅ ነው። ብዙው አንባቢ የሚያውቀው በአዲስ አድማስ ጋዜጣ ዋና አዘጋጅነቱና በተረት በሚጀምሩት ርእሰ አንቀጾቹ ነው። በደርግ ዘመን ማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚችል ወፍራም ልቦለድ እጁ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1936 የታተመው፣ ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን የሚተርከው። የሚጻፍበት ወረቀት አልነበረም። ስለዚህ ከሲጋራ ፓኬት ውስጥ በሚወጣው ስስ ወረቀት ላይ ወደ አማርኛ ይመልሰው ጀመር። ሥራው ሲያልቅ ብጣሹ ወደ 3000 ይጠጋ ነበር ይባላል። ያንን የሚፈቱ እስረኞች በሲጋራ ፓኬት እየደበቁ አወጡለት። እሱም ከተፈታ በኋላ ለቃቅሞ ሰብስቦ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ በመጽሐፍ አወጣው።

ይህ ታሪክ ሲወራ ሁልጊዜ የነቢይ ጽናት ምሳሌ ሆኖ ነው። ልክ ነው። እኔን አስሮ የሚይዘኝ ግን ሌላው ጎኑ ነው። ለመሆኑ እነዚያ ወረቀቱን ያወጡት ሰዎች ምን ነክቷቸው ነው? አንድ እስረኛ ሊፈታ ነው። ውጭ እናቱ፣ ሚስቱ፣ ልጁ ይጠብቁታል። ከበሩ ላይ ፍተሻ አለ። በዚያች ሰዓት ኪሱ ውስጥ የማያውቃት የአሜሪካ ሴት ታሪክ የተጻፈባት ብጣሽ ወረቀት ይዞ መውጣት ምን ይጠቅመዋል? መጽሐፉ ላይ ስሙ አይወጣም። ከሽያጩ አምስት ሳንቲም አያገኝም። ጭነቱን ከበሩ አሳልፎ አስረከበና ወደ ቤቱ ሄደ፤ አለቀ። በእኔ ግምት የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ ሲጻፍ ከደራስያኑ ስም ቀጥሎ አንድ ባዶ ገጽ ለእነዚህ ሰዎች መተው ነበረበት።

እኔም የተሸከምሁት በእንዲህ ያሉ ሰዎች እጅ አልፎ የመጣ ነው። ከልጅነት እስከ ወጣትነት ካነበብኋቸው መጻሕፍት የሚበዙትን አልገዛኋቸውም፤ ተከራይቻቸዋለሁ። ከመናኸሪያው ብዙም በማይርቅ ቦታ፣ ቆርቆሮ ከለላ ሥር፣ ሁላችንም በስሙ ሳይሆን «ጋሼ» ብቻ እያልን የምንጠራው አከራይ ነበረ። ማስያዣ ታስይዛለህ፤ በቀን 50 ሳንቲም ትከፍላለህ። መጻሕፍቱ በፌስታል ተለብጠው፣ በጆንያ መስፊያ ወፍራም ክር ተሰፍተው፣ አንዳንዶቹም የመጨረሻ ገጻቸው ተገንጥሎ ስለጠፋ መጨረሻውን ከጋሼ አፍ ትሰማለህ። (አንድ ልቦለድ ላይ የነገረኝ መጨረሻ ከዓመታት በኋላ ሙሉውን ሳገኝ ከደራሲው ይልቅ ተሽሎ አግኝቸዋለሁ።) ስብሐትን ስጠይቀው፣ «ልጄ፣ ይህ ለአንተ ገና ነው፤ ጢምህ ሲበቅል ና» ብሎ አባረረኝ። የአደፍርስን ደራሲ የዳኛቸው ወርቁን ስም ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ከአስተማሪ ሳይሆን ከእርሱ ነው።

አሁን ጥያቄው ይመጣል። ጋሼ አንድ ቅጂ ገዛ፤ መቶ ሰው አነበበው። ደራሲው ያገኘው የአንዱን ነው። ይህ ሌብነት ነው?

አይደለም። ይህን የምለው እኔ የተጠቀምሁበት ስለሆነ አይደለም። ጋሼ ለደራሲው አንድ ቅጂ ገዝቶ፣ ሲቀደድ ሰፍቶ፣ ሲጠፋ ከስሮ፣ መጽሐፍ መግዛት ለማይችል ልጅ ደራሲውን አስተዋውቋል። ያ ልጅ ደመወዝ የበላ ዕለት የማን መጽሐፍ እንደሚገዛ ያወቀው እዚያ ቆርቆሮ ሥር ነው። በዓለምም ቢሆን እንዲህ ያለው ሥራ የተናቀ አይደለም። ጄምስ ጆይስ ዩሊሲስን የሚያትምለት ሲያጣ እ.ኤ.አ. በ1922 በፓሪስ 1000 ቅጂ ያሳተመችለት ሲልቪያ ቢች የምትባል ሴት ናት። እርሷም ትልቅ አሳታሚ አልነበረችም፤ መጽሐፍ የምትሸጥና የምታከራይ ባለ ሱቅ ነበረች። ኋላ መጽሐፉ በአሜሪካ በትልቅ አሳታሚ ሲወጣ ለእርሷ የደረሳት ነገር አልነበረም። የፓሪሷም ሴት የናዝሬቱም ጋሼ ጫኞች ናቸው፤ ጭነቱ ሲራገፍ ማንም ስማቸውን አይጠይቅም።

ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለ። በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት የታተመው ኦሮማይ ገበያ ወጥቶ ሳይሰነብት ተሰበሰበ። በዓሉ ከሥራው ተሰናበተ፤ በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ከእገዳው ያመለጠው ቅጂ ግን በድብቅ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ተባዛም። ያለ ፈቃድ ነው የተባዛው፤ ለደራሲውም ለቤተሰቡም የተከፈለ ነገር የለም። ነገር ግን ያን ጊዜ ኦሮማይን ያባዛ ሰው ሌባ ነው የሚል አፍ ይኖራል? መጽሐፉ በ2017 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ2025) በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ሲቀርብ፣ እነዚያ በየጓዳው የደበቁት ሰዎች ሥራ እዚያ ውስጥ የለም ማለት አይቻልም።

እነሆ ዛሬ ደግሞ አንድ ጀማሪ ደራሲ ቅዳሜ ያስመረቀው መጽሐፍ በሳምንቱ በቴሌግራም በፒዲኤፍ ይለቀቃል። ለቃቂው «እውቀት ለሁሉም» የሚል መፈክር ከላይ ይለጥፍበታል። ከስድስት ሺህ ሰው «ልብ» ይሰጠዋል። በውጭ ሲታይ ድርጊቱ ከኦሮማይ አባዢ ድርጊት ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱም ያለ ፈቃድ አባዙ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ለደራሲ በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት መብቱን ይጠብቅለታል። ሕጉ ግን ኪሳራውን እንጂ የልቡናን ልዩነት አይነግረንም።

ልዩነቱ ለእኔ የሚታየኝ እዚህ ላይ ነው። የማዕከላዊው እስረኛ፣ የኦሮማይ አባዢ፣ ጋሼም ቢሆን ለመጽሐፉ ብለው አንድ ነገር ከራሳቸው ሰጥተዋል። አንዱ ነጻነቱን ለአደጋ አጋልጧል፤ አንዱ ገንዘቡን አውጥቷል። የቴሌግራሙ ሰው የሰጠው ነገር የለም። የወሰደው ግን የደራሲውን ሁለተኛ መጽሐፍ ነው፤ ምክንያቱም ሁለተኛው የሚታተመው ከመጀመሪያው በሚገኘው ነው። በእርግጥ «በመቂ ወይም በአርሲ ነገሌ ያለ ተማሪ የትኛው መጽሐፍ መደብር ገብቶ ይግዛ?» የሚለኝ አለ። እውነት አለው። በተማሪው ላይ ቃል የለኝም፤ ከገበያ በጠፋ መጽሐፍም ላይ እጨክናለሁ ብል አላደርገውም። ጥያቄዬ ያለው ከእኛ ጋር ነው። ክትፎና ቢራ ላይ የማይሰስት፣ ለመጽሐፍ ሲሆን ግን «ሶፍት ኮፒ የለህም?» የሚል ደመወዝተኛ ሰው፣ ከተማችንን ሞልቷታል።

ከናዝሬት በሞጆ ታጥፎ ወደ ደቡብ ለሚወርድ መንገደኛ መቂን አልፎ ዝዋይ ይገኛል፤ ከተማዋ ዛሬ ባቱ ነው ስሟ። ከሐይቁ ደሴቶች ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው፤ የደብረ ጽዮን ገዳም ያለበት። ትውፊቱ እንደሚለው በዮዲት ጉዲት ዘመን ከአክሱም የሸሹ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው እዚያ ተጠልለዋል። ትውፊቱን የሚቀበልም የማይቀበልም ይኑር፤ የማያከራክረው ነገር በደሴቱ ጥንታዊ የብራና መጻሕፍት ተጠብቀው መቆየታቸው ነው። የጠበቋቸው ዛዮች ናቸው። አሣ አስጋሪና ገበሬ የሆነ፣ የራሱ ቋንቋ ያለው አነስተኛ ሕዝብ ነው። ከመካከላቸው ግዕዝ የሚያነበው ካህኑ ብቻ ነበር። አባት ለልጅ «እነዚህን ጠብቅ» እያለ ትውልድ አለፈ። አብዛኛው ሰው ውስጣቸው ያለውን ሳያነብ ጠበቃቸው። ይህን ሳስብ፣ አንብቦ የማይጠብቅ ይሻላል ወይስ ሳያነብ የሚጠብቅ የሚል ከንቱ የሚመስል ጥያቄ ይመጣብኛል፤ መልሱን ግን ሁልጊዜ ለእነርሱ አደላለሁ።

ከዚያው ሐይቅ ሳይርቅ ደግሞ የዝዋይ ማረሚያ ቤት አለ። የፍትሕ ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረው ተመስገን ደሳለኝ በ2007 ዓ.ም. የ3 ዓመት እስራት ተፈርዶበት እዚያ ታስሯል፤ የአውራምባ ታይምሱ ውብሸት ታዬም እንዲሁ። እነዚህ ጋዜጦች ማስታወቂያ የሚያንበሸብሻቸው አልነበሩም። የሚኖሩት በሚሸጡት ቅጂ ነበር። እኛስ? በአንድ ቡና ቤት አንድ ጋዜጣ ለስምንት፤ ሲያልቅም በኪራይ የወሰደው አዟሪ መልሶ ይረከበው ነበር። ችግረኛው ተከራይቶ ማንበቡ ደግ ነው ብያለሁ። ጋዜጣው ሲዘጋ ግን ከስምንቱ ሰባቱ የቡናውን ሒሳብ ከፍለው ለጋዜጣው ያልከፈሉ ነበሩ፤ ከዚያም «ነጻ ፕሬስ ጠፋ» ብለው እዚያው ወንበር ላይ አለቀሱ። ማሰር የባለ ሥልጣን ሥራ ነው። አለመግዛት ግን የእኛ ነው።

የትንሽ አሳታሚውን ሒሳብ ብዙ ሰው አያውቀውም። ወረቀቱ ከውጭ የሚመጣ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ከ100 ብር አልፏል፤ ወረቀቱም ተከተለው። ባለ መደብሩና አከፋፋዩ ከሽፋኑ ዋጋ ሲሶውን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይወስዳሉ። ስለዚህ አንድ ሺህ ቅጂ አሳትሞ ሁሉንም የሸጠ ደራሲ እንኳ ያወጣውን ቢመልስ ዕድለኛ ነው። በዚህ ላይ ወዳጅ አለ። አገራችን ውስጥ ለደራሲ ከጠላት ይልቅ ወዳጅ ያከስራል! ምረቃው ላይ ይመጣል፣ ያጨበጭባል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ከዚያ «በል እንጂ ፈርምልኝ» ብሎ እጁን ይዘረጋል። ገንዘብ የያዘውን እጅ ሳይሆን ባዶውን። የባለ ሱቅ ወዳጁን ስኳር በነጻ አይጠይቀውም፤ ዶክተር ወዳጁንም ምናልባት ያፍረዋል። የደራሲ ወዳጁን ግን ነጻ ቅጂ ካልሰጠው ይቀየመዋል።

እዚህ ላይ አንድ የማከብረው ጓደኛዬ ይቃወመኛል። «ታዲያ በአካባቢያችን ሰው የታተመ ስለሆነ ብቻ ደካማ መጽሐፍ ሁሉ እንግዛ? ይህ እኮ ምጽዋት ነው። መጥፎውን ስንመግብ ደጉ ይራባል» ይለኛል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። በየምረቃው አዳራሽ «በሥነ ጽሑፋችን አዲስ ምዕራፍ» ተብሎ የተወደሰውና በዓመቱ የጠፋው መጽሐፍ ስንት ነው? ይሁንና ጓደኛዬ ሁለት ነገር ቀላቅሏል፤ ዋጋና ውዳሴ። የመጽሐፉ ዋጋ ዕዳ ነው፤ ላልታወቁት ጫኞች የምንከፍለው። ውዳሴ ግን የማንም ዕዳ አይደለም። በዓሉ ግርማ የኅሊና ደወልን ካሳተመ በኋላ መልሶ አሽቶ ሐዲስ ብሎ አውጥቶታል። የመጀመሪያውን የሚገዛና የሚተች ባይኖር ሁለተኛው ከየት ይመጣ ነበር? ፍጹም ሆኖ የወጣውን ብቻ የሚጠብቅ አንባቢ፣ ሌላው ሰው በከፈለው ኪሳራ የሚበላ እንግዳ ነው።

ባለፈው ዓመት ከወንጂ አንድ ልጅ መጣብኝ። ገና ሃያ ሁለት አይሆነውም። «ጋሼ» ሲለኝ ደነገጥሁ፤ በእኔ ዕድሜ ይህ ማዕረግ ገና ነው መስሎኝ ነበር። በፌስታል የራሱን የግጥም መጽሐፍ ይዟል፤ 41 ግጥም፣ ከነሽፋኑ ሰማንያ ገጽ የማይሞላ። ያሳተመው እናቱ በወጣላት ዕቁብ ነው፤ አንድ ሺህ ቅጂ። ሁለት ገዛሁት፤ በተጻፈበት ዋጋ፣ ሳልከራከር። ከዚያ «ስለ መጽሐፌ ይጻፉልኝ» አለኝ። አንብቤ እንድንገናኝ ተቀጣጠርን።

አነበብሁት። ከአርባ አንዱ ሠላሳ ሰባቱ የጸጋዬ ገብረ መድኅን ድምፅ ናቸው። ጸጋዬ የሚያስገመግመውን እርሱም ሊያስገመግም ይሞክራል፤ ነጎድጓዱ ግን ከሌላ ሰማይ የተዋሰው ነው። አራቱ ግን ሌላ ናቸው። በአንዷ ላይ የሸንኮራ አገዳው ሲቃጠል ጥላሸቱ እናቱ ባጠበችው ነጭ ነጠላ ላይ ሲወርድ፣ እርሷም እንደገና ልታጥብ ሳትናገር ባልዲውን ስታነሣ ይታያል። እንዲህ ያለ ነገር በአማርኛ ግጥም አላነበብሁም። ፋብሪካው በ1946 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የተከለው ሆላንዳዊ ኩባንያ፣ አገዳ ቆራጩ፣ የፋብሪካው ሰፈር፣ ሁሉም በዚያች ባልዲ ውስጥ አሉ።

ስንገናኝ በዚሁ ቃል ነገርሁት። አራቱን እየጠራሁ፣ ሠላሳ ሰባቱንም ሳልሸፍን። በመጽሔት እንደምጽፍና አራቱን ብቻ እንደማነሣ አስታወቅሁት። ዝም አለ። ማኪያቶው ቀዘቀዘ። ከዚያ አንዷን አነሣ፤ ከሠላሳ ሰባቱ አንዷን፣ ስለ አባቱ የጻፋትን። «ይህችንስ?» አለኝ። «ይህችም የጸጋዬ ናት» አልሁት። «አይደለችም! ጋሼ፣ አባቴን አያውቁትም» ብሎ እዚያው ቡና ቤት ውስጥ ከሰው ፊት ጮክ ብሎ ያነባት ጀመር። ሦስተኛው አንጓ ላይ ሲደርስ አንዲት ነገር ሰማሁ፤ ሳነብ ያላየኋት። ቀሪው ግን አሁንም የተዋሰው መሰለኝ፤ ነገርሁት። ተከራከርን። ከውጭ የሚኒባሱ ረዳት «ወንጂ! ወንጂ! የመጨረሻ!» ይላል። ልጁ ፌስታሉን አንሥቶ፣ የቀሩት ስምንት መቶ ያህል ቅጂዎች እናቱ አልጋ ሥር መሆናቸውን፣ በመጪው ቅዳሜ ጥቂቱን ይዞ ሞጆ እንደሚሄድ ነግሮኝ፣ ግጥሟን ግን እንደማይለቃት አስጠንቅቆኝ ሮጠ።